ቪዥዋል ኢፌክትና የእንቅስቃሴ ቀረጻ፦ ከወሎ በኩል የታየ ዳሰሳ

ቪዥዋል ኢፌክት በቀረጻ ቦታ ያልነበረን ነገር ከቀረጻ በኋላ በምስሉ ላይ የመጨመር፣ የነበረውንም የማጥፋት ወይም የመለወጥ ሙያ ሲሆን፣ በካሜራው ፊት በባሩድ፣ በጭምብልና በሰው ሠራሽ ዝናብ ከሚፈጠረው ትዕይንት የሚለየውም በዚሁ ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊየስ እ.ኤ.አ. በ1902 የጨረቃ ጉዞን ያሳየው ካሜራውን እያቆመና መልሶ እያስነሳ፣ አንዱንም ምስል በሌላው ላይ እየደረበ ነበርና ሙያው በዕድሜ ከሲኒማው ብዙም አያንስም። ወደ ኢንዱስትሪ የለወጠው ግን ጆርጅ ሉካስ በ1975 «ስታር ዋርስ»ን ለመሥራት ያቋቋመው ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ነው፤ በዚያ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ካሜራ አንድን እንቅስቃሴ ሳያዛንፍ ደጋግሞ ስለሚፈጽም፣ ለየብቻ የተቀረጹ ትናንሽ ሞዴሎች በአንድ ሰማይ ላይ አብረው የሚበሩ መስለው ታዩ። በ1993 ደግሞ ለ«ጁራሲክ ፓርክ» ዳይኖሰሮች ታስቦ የነበረው፣ አሻንጉሊትን ፍሬም በፍሬም የማንቀሳቀስ ስልት በኮምፒዩተር ለተሠራ ምስል ቦታውን ለቀቀ።

በተለምዶ ሞሽን ካፕቸር የሚባለው የእንቅስቃሴ ቀረጻ ወደ ሲኒማ የመጣው ይህን የኮምፒዩተር አካል በሕያው ሰው ለማንቀሳቀስ ነው። ተዋናዩ ብርሃን የሚመልሱ ትናንሽ ኳሶች የተለጠፉበት ጥብቅ ልብስ ለብሶ ሲንቀሳቀስ ዙሪያውን የተተከሉ ካሜራዎች እያንዳንዷን ኳስ ከብዙ አቅጣጫ ያያሉ፤ ኮምፒዩተሩም ከዚያ የኳሷን ትክክለኛ ቦታ አስልቶ እንቅስቃሴውን ወደ ዲጂታል አጽም ያዛውራል። አንዲ ሰርኪስ በ2002 በ«ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ሁለተኛ ክፍል ጎለም ለተባለው ገጸ ባሕርይ ሰውነቱን ሰጥቷል፤ የፊቱን ገጽታ ግን በአብዛኛው አኒሜተሮች እሱን እያዩ በእጅ ነው የሠሩት። የፊት ጡንቻን ጭምር በራስ ላይ በታሰረች ካሜራ መከተል ጎልቶ የታየው በ2009 በ«አቫታር» ነው።

ለውጡ ሁሉ ጥቅም ብቻ አልነበረም። የፊልም ሥራ ከቀረጻ ሜዳ ወደ ኮምፒዩተር ጠረጴዛ ሲዛወር ድካሙም ወደማይታዩ ባለሙያዎች ተሻገረ፤ በ«ላይፍ ኦቭ ፓይ» ነብሩን የፈጠረው ሪዝም ኤንድ ሂውዝ የተባለው ኩባንያ በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ጥበቃ በጠየቀበት በዚያው ወር ሥራው ኦስካር መሸለሙ ይህን በሚገባ ያሳያል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ አልፎ አልፎ ብቅ የምትለው በቅሪተ አካሏና በመልክዓ ምድሯ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የሉክ ቤሶን «ሉሲ» መክፈቻ ላይ በኮምፒዩተር ሕይወት ዘርታ ውኃ ዳር ትታያለች። በአንጻሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 እ.ኤ.አ. «ክራምብስ»ን፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም የሚባለውን፣ ሲሠራ በሰማይ ላይ ከተንሳፈፈች መንኮራኩር በቀር በኢፌክት ብዙም አልተመካም፤ የዓለምን ፍጻሜ ለማሳየት ዳሎልና ወንጪ በቁት። በሰሜን ወሎ ካለው ከሐብሩ ወረዳ ምሥራቃዊ ጠርዝ ጀምሮ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደውን አገር ያየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም።

ምስልን ከቦታው ነቅሎ ሌላ ትርጉም ለመስጠት ኮምፒዩተር እንደማያስፈልግ ደግሞ ከወሎ በላይ የሚመሰክር የለም። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሳየውን ፊልም ደርግ ቆራርጦ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ ቀጠለው፤ ይህንኑም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በቴሌቪዥን አሳየ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በማግሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሃቡም ግብዣውም እውነት ነበሩ፤ በአንድ ማዕድ የተቀመጡት ግን በመቀስ ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ያህል ውጤት ያስከተለ የፊልም ብልሃት መኖሩ ያጠራጥራል።

የእንቅስቃሴ ቀረጻን በተመለከተ ወሎ የሚያበረክተው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የትከሻው ጭፈራ፣ እስክስታ ነው። ኳሶቹ በልብስ ላይ ስለሚለጠፉ፣ የትከሻ አጥንትም ከቆዳው ሥር ስለሚንሸራተት፣ በብዙ የዲጂታል አጽሞች ትከሻ በጥቂት መጋጠሚያዎች ብቻ ይወከላል፤ ለሚሮጥ ወይም ለሚዋጋ ገጸ ባሕርይ ይህ ይበቃ ይሆናል፣ ለእስክስታ ግን ዋናውን ነገር መጣል ነው። ያለ ኳስ በተራ ካሜራ የሚሠሩት፣ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞችም ይህንን ጥቃቅን ንዝረት በቅጡ ለመለየት ይቸገሩ ይሆናል። እንግዲህ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪዎቹን ከመርሳና ከሌላው የሐብሩ አካባቢ ጨፋሪዎች ጋር አገናኝቶ የትከሻን እንቅስቃሴ በትክክል የሚይዝ አጽም ቢያሠራ፣ ጭፈራው ከነትከሻው ይመዘገባል።