«ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» ‑ የሮማው ቢራ ቤትና የእኛ ጠላ ቤት

ሮማ ውስጥ ትራስቴቬሬ በሚባለው ጥንታዊ ሠፈር፣ ቪያ ቤኔዴታ በምትባል ጠባብ ጎዳና ላይ አንዲት ትንሽ ቢራ ቤት አለች። ስሟ «ማ ኬ ሲዬቴ ቬኑቲ አ ፋ» ይባላል። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ለመሆኑ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» እንደ ማለት ነው። የኳስ ደጋፊዎች በእንግዳው ቡድን ላይ የሚያዜሙት የፌዝ ጩኸት ነው። ሮማውያን ይስቁበታል። በኩዌስቱራ መስኮት ፊት ተሰልፎ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ አነጋገር የሰማ ስደተኛ ግን፣ የቤቲቱን ስም ሲያነብ ሳቁ ትንሽ መዘግየቱ አይቀርም።

ቤቲቱ የተከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ጣሊያን የወይን ጠጅ አገር እንደ መሆኗ ቢራ ለብዙ ዘመን ከፒዛ ጋር የሚወራረድ መጠጥ ብቻ ሆኖ ኖሯል። ነገሩ የተለወጠው በ1996 ነው። በዚያ ዓመት በሰሜን ጣሊያን እንደ ባላዲን ያሉ ትንንሽ ጠማቂዎች ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ተለይተው የራሳቸውን ቢራ ማውጣት ጀመሩ። የትራስቴቬሬዋ ቤት የእነዚህንና የሌሎች አገር ጠማቂዎችን ቢራ ለሮማ ሕዝብ በማስተዋወቅ ስም ካተረፉት አንዷ ናት። በ2016 የወጣው የጣሊያን ሕግም «የእጅ ጥበብ ቢራ» ማለት ምን እንደ ሆነ ደነገገ፤ ጠማቂው በሌላ የቢራ ኩባንያ ሥር ያልሆነ፣ በዓመት ከ200,000 ሄክቶሊትር የማይበልጥ የሚያመርት፣ ቢራውም በሙቀት ያልታከመና በረቂቅ ማጥለያ ያላለፈ መሆን አለበት።

ስለ ሠፈር ቢራ ቤት ሲነሣ ግን ጣት የሚቀሰረው ወደ ቼኮች ነው። በነፍስ ወከፍ ቢራ በመጠጣት ከዓለም ፊተኛ የሚባሉት እነርሱ ናቸው። ዛሬ ዓለም የሚጠጣው ወርቅማ ቢራም ዮሴፍ ግሮል የተባለ የባቫሪያ ሰው በ1842 በፕልዜን ከተማ የጠመቀው ነው። የከተማዋ ለስላሳ ውሃ፣ ነጣ ያለ የገብስ ብቅልና ሆፕስ የሚሉት የፈረንጅ ጌሾ ተዋሕደው፣ በቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ ለሳምንታት ሲያርፉ ያ ጣዕም ይገኛል።

«ሆስፖዳ» በሚሉት የቼክ መሸታ ቤት አስተናጋጁ አዝዙኝ ብሎ አይጨቀጭቅም። ብርጭቆው ሲጎድል ሌላ ያመጣል፤ በቁራጭ ወረቀት ላይም አንድ ሰረዝ ይጨምራል። አረፋው ቢራውን ከአየር ስለሚጠብቅለት ወፈር ብሎ ቢመጣ ተጭበረበርኩ የሚል የለም። ምሁሩና ወዛደሩ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ፕሬዚዳንት ሃቬልም በ1994 የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ክሊንተንን የወሰዱት ፕራግ ውስጥ «ወርቃማው ነብር» ወደሚባለው እንዲህ ያለ ቤት ነበር።

ቼኮች ለእኛ ባዳ አይደሉም። ጣሊያን በ1935 አገራችንን ስትወር በሰሜን ጦር ግንባር ከራስ ካሳ ሠራዊት ጋር የነበረው አዶልፍ ፓርለሳክ ቼክ ነው፤ «የሀበሻ ጀብዱ» በሚል በአማርኛ የተተረጎመው መጽሐፍ የእርሱ ነው። በ1984 የተቋቋመው የሐረር ቢራ ፋብሪካም በቼኮዝሎቫኪያ እገዛ የተሠራ ነው። ፋብሪካው በ2011 ከበደሌ ጋር ለሄኒከን ተሸጠ። የጣሊያኑ ፔሮኒ በ2016፣ የፕልዜኑ ቢራ ደግሞ በ2017 በአንድ የጃፓን ኩባንያ እጅ ገቡ። እንግዲህ ፋብሪካ ይሸጣል፣ ይለወጣል። የሠፈር ቤት ግን ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ የሚያቆመው ደንበኛው ነው።

ይህን ደግሞ እኛ ከማንም አንማረውም። በዘንግ ጫፍ ጣሳ ተደፍቶ ያየ መንገደኛ እዚያ ጠላ እንዳለ ያውቃል። ብቅሉ፣ ጌሾው፣ በወይራ የታጠነው ጋን፣ ሁሉም የእናቶቻችን ጥበብ ነው። ፈረንጅ ዛሬ «የእጅ ጥበብ ቢራ» ብሎ በሕግ ያስከበረውን የእኛ እናቶች ያለ ሕግ ሲጠምቁት ኖረዋል። የጠላ ቤት ትልቁ ቁም ነገር ግን ጠላው አልነበረም። በየቀኑ የሚመጣው ሰው ሦስት ቀን ከጠፋ «እከሌ ምን ሆነ?» የሚል አለ፤ ከታመመ ይጠየቃል፣ ከሞተ ይቀበራል።

በስደት የጎደለን ይህ ነው። በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ እንጀራ የሚበላባቸው ቤቶች አሉ፤ እሰየው ነው። ነገር ግን ስንቱ ወገናችን ነው አዛውንት ሲንከባከብ ውሎ፣ ማታ ጠርሙስ ገዝቶ ለብቻው በጠባብ ክፍል የሚጠጣው? መጠጥ በሰው መሐል ጨዋታ ነው፤ ለብቻ ሲሆን ግን በሽታ ይሆናል። ቼኩም ጠላ ጠማቂዋም ይህን አሳምረው ያውቁታል።

ስለዚህ ማኅበሮቻችን ከበዓል ቀን አዳራሽ ኪራይ ባሻገር፣ በሳምንት አንድ ማታ በሩ የማይዘጋ አንዲት ክፍል ቢያስቡ መልካም ነው። ጠላ ቢገኝ እሰየው፣ ባይገኝ ሻይም ይበቃል። ጥበቡን የሚያውቁት እናቶች በሕይወት ሳሉ ልጆቻቸው ጌሾውን እንዴት እንደሚጥሉት ቢማሩ ደግሞ እጥፍ ድርብ ነው።

ያን ጊዜ «ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» ለሚለን ሁሉ መልሳችን አጭር ይሆናል። ሠርተን ልንኖር፣ አብረንም ልንቀመጥ።