የ48 ሰዓቱ ገደብና ሕዝብ በፍትህ አካላት ላይ ያለው አመኔታ

ሕዝብ በፍርድ ቤት፣ በዐቃቤ ሕግና በፖሊስ ላይ ያለው አመኔታ በይበልጥ የሚፈተነው በትላልቅ ችሎቶች ሳይሆን አንድ ሰው በቁጥጥር ሥር ከዋለ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ከተያዘበት ሥፍራ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚጠይቀው ጊዜ አይታሰብም። ድንጋጌው ሰንበትን ወይም በዓልን ለይቶ አላወጣም፤ “ዓርብ ስለተያዘ” የሚለው ምክንያት የሕግ መሠረት የለውም።

ገደቡ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህንኑ 48 ሰዓት አስቀምጧል። ይኸው ሕግ ለምርመራ የሚሰጥ ጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን አልገለጸም። ችግሩ የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ ተጨማሪ ጊዜ የሚፈቀደው አስፈላጊ በሆነ መጠን ብቻ እንደሆነ በመደንገግ ክፍተቱን በመርህ ሸፍኖታል።

መርሁ ሥራ ላይ የሚውለው በዳኛው ጥያቄ ነው። ባለፈው ቀጠሮ ምን ተሠራ? የትኛው ምስክር ቃሉን ሰጠ? የትኛው የሰነድ ማስረጃ ቀረ? መርማሪው በየቀጠሮው “ምስክሮችን ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል” የሚለውን ብቻ ደግሞ ጊዜ ሲፈቀድለት፣ በችሎቱ የተቀመጠው ቤተሰብ ዳኛውንና ፖሊሱን ለይቶ ማየት ያቆማል። ምርመራውን የሚከታተለው ዐቃቤ ሕግም መዝገቡን መርምሮ ጥያቄው አያስፈልግም ማለት ይችላል፤ ይህን ሲያደርግ ግን እምብዛም አይታይም።

ከሁሉም የሚከብደው የዋስትና ትዕዛዝ አለመፈጸሙ ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በተለያዩ ጊዜያት ባወጣቸው መግለጫዎች፣ ፍርድ ቤት በዋስ እንዲለቀቁ ያዘዘላቸው ሰዎች ሳይፈቱ መቆየታቸውን ገልጿል። ቀድሞ ተራው ሰው “በሕግ አምላክ!” ብሎ መንገደኛን የሚያስቆምበት አገር፣ ማኅተም ያረፈበት ትዕዛዝ በጣቢያ በር ላይ ሲቆም ማየት ያሳፍራል።

ይህ የአሠራር ጉድለት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 423፣ ከሕግ ውጭ ሰውን የያዘ ወይም ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ ከ10 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራትና በመቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ትዕዛዙ ከበላይ ኃላፊ መምጣቱም፣ ሕገወጥነቱን እያወቀ የፈጸመውን የበታች ሠራተኛ ከተጠያቂነት አያድነውም።