ጥርስ ሲሰነጠቅ ምን ይደረጋል?

ቆሎ ውስጥ የተደበቀች ጠጠር፣ አጥንት መቆርጠም፣ የለስላሳ ጠርሙስ በጥርስ መክፈት፣ በእንቅልፍ ልብ ጥርስ ማፋጨት፤ ጥርስ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው በእንዲህ ያለ ነገር ነው። ቀድሞ በሰፊው የተሞላ መንጋጋ ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል።

ምልክቱ ግራ ያጋባል። ሲነክሱ፣ በተለይም ንክሻውን ሲለቁ፣ ድንገት ውግት ያደርጋል። ቀዝቃዛ ውሃ ያመዋል። ከዚያ ለቀናት ዝም ይላል። ሰውን የሚያዘናጋው ይሄ ዝምታ ነው። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ የተሰነጠቀ ጥርስ ግን መልሶ አይገጥምም። ባላመጡበት ቁጥር ስንጥቁ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይሄዳል፤ ባክቴሪያም በዚያው በኩል ወደ ነርቩ ይደርሳል።

«ራጅ ተነስቼ ምንም የለም ተባልኩ» ብሎ መተውም አያዋጣም። ስንጥቅ ቀጭን በመሆኑ ብዙ ጊዜ በራጅ አይታይም። ሐኪሙ በደማቅ ብርሃን ይመረምራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ያስነክሳል፣ ከድዱ ሥር ያለውን ጥልቀት በቀጭን መሣሪያ ይለካል። ሕመሙ በየትኛው በኩል፣ ምን ሲበሉ እንደሚነሳ ከነገሩት ፍለጋው ይቀልለታል።

ሕክምናው የሚወሰነው ስንጥቁ በደረሰበት ጥልቀት ነው። በጥርሱ የላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች በአዋቂ ሰው ላይ የተለመዱ ናቸው፤ ካላመሙ አይነኩም። ጫፉ የተሸረፈ ጥርስ በጥርስ ቀለም ባለው መሙያ ይሞላል። ስንጥቁ ወደ ውስጥ ከገባ ግን መሙላት ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ሁለቱን ወገን አጥብቆ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ክራውን የሚባለው ሽፋን ሥራው ይሄው ነው፦ ጥርሱን ዙሪያውን አቅፎ በንክሻ ጊዜ እንዳይከፈት ያደርገዋል።

ቀዝቃዛው ከአፍ ከወጣ በኋላም የሚቆይ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ነርቩ መጎዳቱን ያመለክታል። ያኔ የጥርስ ሥር ሕክምና ይደረጋል፤ የታመመው ነርቭ ወጥቶ ውስጡ ይጸዳል፣ ይታሸጋል። እዚህ ላይ ብዙ ጥርስ በከንቱ ይጠፋል። ሕመሙ ስለቆመ ሕክምናው ያለቀ ይመስልና ሰው ለክራውኑ ሳይመለስ ይቀራል፤ ያልተሸፈነው መንጋጋ አንድ ቀን እንጀራ ሲያኝኩበት ለሁለት ይከፈላል። ወጪው ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የሥሩንም የክራውኑንም ዋጋ አብሮ መጠየቅና ክፍያውን መነጋገር ይሻላል። ክራውን ተሠርቶለትም አንዳንድ ስንጥቅ መክፋቱን ይቀጥላል፤ ሐኪሙ ይህንንም አስቀድሞ ሊነግርዎ ይገባል።

እስከ ሥሩ ለሁለት የተሰነጠቀ መንጋጋ መነቀሉ አይቀርም። በቦታው አጥንት ውስጥ የሚተከል ኢምፕላንት፣ በጎረቤት ጥርሶች ላይ የሚያርፍ ብሪጅ ወይም የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይተካል። ነገር ግን መንቀል ርካሽ ስለሆነ ብቻ ቶሎ አይስማሙ፤ «ይህ ጥርስ ሊተርፍ አይችልም ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ቀጠሮዎ እስኪደርስ በሌላው በኩል ያኝኩ፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ ይጉመጥመጡ፣ ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ይውሰዱ። አስፕሪን ወይም ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ማስቀመጥ ሥጋውን ያቃጥላል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።