«ሁ»፣ «ዊች»፣ «ዛት» እና የኔ ኮማ

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ለግድግዳ ጋዜጣችን በእንግሊዝኛ አንድ አጭር ዜና ጻፍኩ። ወሬው ቀላል ነበር፤ ልምምድ የቀሩ ሦስት ተጫዋቾች ከእግር ኳስ ቡድኑ ተቀነሱ። እኔ ግን «ሦስት» የሚለውን ወደ ታች ገፍቼ መግቢያውን «ዘ ፕሌየርስ፣ ሁ ሚስድ ትሬይኒንግ፣ ወር ድሮፕድ» አልኩት። ኮማዎቹን ለውበት ነበር ያስገባኋቸው።

ጋዜጣው በተለጠፈ ማግስት የቡድኑ አምበል ካፌ ውስጥ አገኘኝ። «ስሚ እንጂ፣ እኔ መቼ ነው ልምምድ የቀረሁት?» አለኝ። «አንተን ማን ነካህ?» ብዬ ተከራከርኩ። በኋላ መምህራችንን ስጠይቅ ጥፋቱ የኔ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛ በ«ሁ» ወይም በ«ዊች» የሚጀምር ሐረግ ያለ ኮማ ሲመጣ ይመርጣል፤ «ከተጫዋቾቹ መካከል የቀሩት ብቻ» ማለት ነው። በኮማ ሲታጠር ግን ስለ ሁሉም ተጨማሪ መረጃ ይሰጣል። ስለዚህ የኔ ዓረፍተ ነገር ተጫዋቾቹ በሙሉ ልምምድ ቀርተው በሙሉ ተባረሩ ይላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሐረጉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ የቀረውን አንብቡ። «ተጫዋቾቹ ተቀነሱ» ብቻውን እውነት ነው? ካልሆነ ኮማዎቹ ይውጡ።

ለምን እንሳሳታለን? እኔ እንደገባኝ ምክንያቱ አማርኛችን ነው። እኛ «ልምምድ የቀሩት ተጫዋቾች» ስንል ሐረጉ ከስሙ ይቀድማል፤ ሥራውንም «የ» ከግሱ ጋር ተጣብቃ ትጨርሳለች። ኮማ አንፈልግም፤ የቀረውን ሰሚው ከነገሩ ይረዳዋል። ደግሞም «የመጣው ሰው» እና «የመጣው መኪና» ስንል «የ» ያው አንድ ናት። እንግሊዝኛ ግን ይለያል፤ ለሰው «ሁ»፣ ለዕቃ «ዊች»፣ «ዛት» ለሁለቱም። «ዘ ሚኒስተር ዊች» ብሎ የጻፈ ሚኒስትሩን ከወንበሩ ጋር ቆጠረው ማለት ነው።

ሌላም ከአማርኛ ይዘነው የምንሄድ አለ። «ያገኘሁት ሰውዬ» ውስጥ «ት» ሰውዬውን ታመለክታለች። ይህችን ስንተረጉም «ዘ ማን ሁም አይ ሜት ሂም» እንላለን። «ሂም» ትርፍ ነው፤ «ሁም» ቦታውን ይዞለታል። እንደዚሁ «እናቷ መምህርት የሆነችው ልጅ» ለማለት «ዘ ገርል ሁ ኸር ማዘር» እንጽፋለን፤ ትክክሉ «ዘ ገርል ሁዝ ማዘር» ነው።

ለጋዜጠኛ ከሁሉም የሚከፋው የ«ሁ» እና የ«ሁም» ወጥመድ ነው። ፖሊስ መኪና ሰረቀ ስላለው ሰው ስንጽፍ «ዘ ማን ሁም ፖሊስ ሴይ ስቶል ዘ ካር» ማለት ያምረናል፤ ፖሊስ ስለ እሱ እየተናገረ ነዋ! ግን «ፖሊስ ሴይ» የሚለውን አውጡትና የሰረቀው ማን እንደሆነ ጠይቁ። «ሂ ስቶል» ነው እንጂ «ሂም ስቶል» አይባልም። ስለዚህ «ሁ» ነው። መልሱ «ሂ» ሲሆን «ሁ»፣ «ሂም» ሲሆን «ሁም» ብላችሁ ያዙት።

የ«ዛት» እና የ«ዊች» ጉዳይ ደግሞ እንደ አገሩ ነው። እንግሊዛዊው ኤች. ደብልዩ. ፎውለር በ1926 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአጠቃቀም መዝገበ ቃላት፣ ለሚመርጠው ሐረግ «ዛት»፣ ለሚጨምረው «ዊች» ቢሆን ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። የአሜሪካው አሶሺዬትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ ይህንኑ ይከተላል። በእንግሊዝ ግን ለሚመርጠውም «ዊች» መጻፍ የተለመደ ነው። በሁለቱም ዘንድ ከኮማ በኋላ ተጨማሪ መረጃ ሲመጣ «ዛት» አይገባም።

አሁን ዜና ከማስረከቤ በፊት እያንዳንዱን «ሁ» እና «ዊች» በእርሳስ አከባለሁ። ሰዋስው የፈተና ነጥብ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ያልቀረን ሰው ቀረ ማሰኘቱን ያየሁት ካፌው ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እርማት ለጠፍን። አምበሉ አነበበው፤ «አሁን ተጫዋች ሆንኩ» ብሎኝ ሄደ።