ግንባር ላይ ከሚለጠፍ ብር እስከ «ምርጥ ነጠላ ዜማ»

ከጎሮ ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ስለ ዘፈን ክርክር ለማስነሳት ሬዲዮ መክፈት ብቻ ይበቃል። በቀደም ጃክሮስ ሳንደርስ፣ ጋቢና የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ «አልበም የሚባል ነገር ቀረ እኮ! ሁሉም አንድ አንድ ዘፈን ለቆ ይጠፋል» አሉ። ረዳቱ መልስ እየቆጠረ «ጋሼ፣ አስራ አራት ዘፈን ቁጭ ብሎ የሚሰማ ማን አለ?» አላቸው። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋና ከስልኩ አንድ አዲስ ዘፈን ለቀቀ። ፍርድ መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለውን ክርክር በየዓመቱ መድረክ ላይ የሚያወጣ ዝግጅት አለን፤ ለዛ የአድማጮች ምርጫ። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ከሚተላለፈው የብርሃኑ ድጋፌ «ለዛ» ፕሮግራም የወጣ ሽልማት ነው። የሬዲዮ ልጅ በመሆኑ ስሙ ራሱ መራጩን ይናገራል፤ አድማጭ። ከሙዚቃ ሌላ ፊልምንና የቴሌቪዥን ድራማንም ይሸልማል። የሙዚቃ ዘርፎቹን ስም ልብ ብሎ ላየ ግን አንድ ነገር ይገርመዋል። የዓመቱ ምርጥ አልበም፣ ምርጥ ነጠላ ዜማ፣ ምርጥ ቪዲዮ ክሊፕ ይባላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ ሬጌ፣ ሂፕሆፕ የሚል የለበትም። ዘፈኑ የተከፋፈለው በስልቱ ሳይሆን በምን ተጭኖ እንደመጣ ነው።

እኔ በዚህ ቅር አይለኝም። ሮፍናን ኑሪ በ2010 ዓ.ም. «ነፀብራቅ»ን ሲያወጣ የዲጄ ምትና የአገር ቤት ምት አንድ ላይ ፈልተው ነበር። በስልት እንከፋፍል ብንል የት ልንከተው ነው?

«ነጠላ ዜማ» የሚለው ዘርፍ የዩቲዩብ ዘመን ፈጠራ ይመስላል፤ አይደለም። ሙዚቃችን በዲስክ መሸጥ ሲደራ ዋናው ዕቃ ነጠላ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበርን የሸክላ ብቸኛ መብት ተጋፍቶ የራሱን ማሳተሚያ ሲጀምር ያወጣው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ በዚህ ጎን አንድ ዘፈን፣ በዚያ ጎን አንድ ዘፈን የያዘ ትንሽ ሳህን ነው። በስድስት ዓመት ገደማ አምሃ ሪከርድስ 103 ያህል ነጠላ ሸክላ ሲያሳትም አልበሙ ግን ደርዘን ቢሞላ ነው። አልበምን ንጉሥ ያደረገው ካሴት ነው። ሁለቱ ጎን መሞላት ስላለበት ዘፋኙ አስርም አስራ ሁለትም ዘፈን ይዞ መምጣት ግድ ሆነበት፤ መሐል ላይ «መሙያ» የምንላቸው ዘፈኖች የበዙትም ከዚህ የተነሳ ነው። ሲዲ ይህንኑ ወረሰ። ስልክ መጣና ካሴቱን ሲገለብጠው ነጠላው ተመለሰ። ስለዚህ ጎልማሳው «ቀረ» ያሉት ነገር መሐል ላይ የገባ እንግዳ ነበር ማለት ይቻላል፤ እንዲህ ብዬ ልነግራቸው ስል ወረዱ።

ከሸክላውም በፊት ሽልማት ነበረን። አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ያስታውሰዋል። ማሲንቆው ይመታል፣ አዝማሪው ያንተን ስም ከቁመናህ ጋር አዋዶ በግጥም ይወረውርብሃል፣ ቤቱ ይስቃል፣ አንተም ተነስተህ ላብ ያወረዛው ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፋለህ። ዳኛውም፣ ሸላሚውም፣ ስፖንሰሩም አንተው ነህ። ዘርፍ የለም፤ ምክንያቱም ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲው፣ ተጫዋቹና ዘፋኙ አንድ ሰው ነው። ደግሞም ብሩን ያወጣው ድምፁ ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን ግጥሙ ነው።

ስቱዲዮ ይህን አንድ ሰው ለሦስት ለአራት ከፈለው። የካሴት ልባስ ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ የሚጻፈው የክፍፍሉ ውል ነው። መድረኩ ግን መልሶ ያዋህዳቸዋል፤ «ምርጥ ነጠላ ዜማ» ሲባል ዋንጫውን ሊቀበል የሚነሳው፣ ካሜራም የሚከተለው ድምፃዊው ነው። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ያረፈው ኤልያስ መልካ የስንቱን ሰው አልበም እንዳቀናበረ ብዙ አድማጭ ያወቀው በሐዘኑ ሰሞን ነው።

አሜሪካኖቹ በዚህ ረገድ ቀድመውናል። ግራሚ እ.ኤ.አ. በ1959 በ28 ዘርፍ ሲጀመር «የዓመቱ ዘፈን» የሚለውን ዋንጫ ለደራሲው ሰጥቶ የተቀረጸውን ሥራ ለብቻ ሸለመ። በ2023 ደግሞ የዓመቱን ዘፈን ደራሲ በስሙ የሚሸልም ዘርፍ ጨመሩ። በሌላው በኩል ግን የዘርፍ ብዛት እንዳደናበራቸው አለ። ቁጥሩ 109 ደርሶ ነበር፤ በ2011 በአንድ ጊዜ ወደ 78 አወረዱት። ያን ጊዜ ከተሰረዙት አንዱ «አርባን ኦልተርኔቲቭ» የሚባለው ነው፤ ለእኛ ግን ትዝታ አለው። በ2009 ለዚህ ዘርፍ ከታጩት አምስት ሥራዎች መሐል የሁለቱ ድምፃውያን፣ ኬና እና ዋይና፣ አዲስ አበባ የተወለዱ ነበሩ። ሁለቱም አላሸነፉም። ዘርፉም ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ።

አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊኬንድ፣ ሁለት ጊዜ ያሸነፈበት «አርባን ኮንቴምፖራሪ» የሚለው ስምም በ2020 ተለወጠ፤ የጥቁሮችን ሙዚቃ ለብቻ ማጎሪያ ሆኗል የሚል ወቀሳ በዝቶበት ነበር። በዚያው ዓመት «አፍተር አወርስ» የተሰኘው አልበሙ ዓለምን ሲያዳርስ በአንድም ዘርፍ ሳይታጭ ቀረና ሰውየው ከግራሚ ጋር ተጣላ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተቋሙ ዕጩዎችን በዝግ ቤት ያጣሩ የነበሩትን ኮሚቴዎች ከአብዛኞቹ ዘርፎች አነሳ። «የዓለም ሙዚቃ» ይባል የነበረውም ስሙን ቀይሯል። አፍሪካ ለራሷ አንድ ዘርፍ ያገኘችው ግን በ2024 ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊቷ ታይላ ወሰደችው።

በአህጉራችን መድረኮችም የዘርፍ ስም ክብደት አለው። ፀደኒያ ገብረማርቆስ እ.ኤ.አ. በ2004 ከኮራ ይዛ የመጣችው የምሥራቅ አፍሪካ ምርጥ ሴት ድምፃዊት ሽልማት ነው። ቤቲ ጂ በ2018 አክራ ላይ፣ በአፍሪማ፣ «ወገግታ» በተባለው ሥራዋ የዓመቱን አልበም ስታሸንፍ ግን ውድድሩ ከመላው አፍሪካ ጋር ነበር። ሁለቱም ትልቅ ደስታ ነበሩ፤ የሁለተኛው አጥር ግን ሰፊ ነው።

የአድማጭ ምርጫ ሌላ ጣጣም አለበት። ብዙ ደጋፊ ያለው ያሸንፋል፤ የተሻለ የሠራው ሁልጊዜ ብዙ ደጋፊ የለውም። ሆኖም ስልክ ያለው ሁሉ የሚዳኝበት መድረክ ከማናውቃቸው ሰዎች ኮሚቴ ይሻለኛል፤ ቢያንስ ስህተቱ የራሳችን ነው።

ገርጂ ላይ መንገዱ ተዘጋና ቆምን። ሾፌሩ የለቀቀው ዘፈን ሁለተኛ ዙር ጀምሮ ነበር፤ ከዘፈኑ ከበሮው ደስ አለኝ። «ቅንብሩ የማን ነው?» አልኩት። ስልኩን አየት አደረገ፤ ስክሪኑ ላይ የዘፋኟ ስምና ስንት ሰው እንዳየው የሚገልጽ ቁጥር ብቻ አለ። ወደ ኋላ አቀበለኝና «ወደ ታች ውረድ፣ እዚያ ይጽፉታል» አለኝ። ወረድኩ፤ የስፖንሰር ስልክ ቁጥር፣ «ሰብስክራይብ አድርጉ»፣ የፀጉር ሠሪዋ ስም፣ የልብስ ሱቁ አድራሻ። አቀናባሪውን ሳላገኘው መንገዱ ተከፈተ።