የዋልያስ ባንድ ድምፅ ለምን ተለወጠ?

በልደታ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ተማሪዎች የዋልያስ ባንድ ሙዚቃ ከጎረቤት ግድግዳ አልፎ ሲመጣ እንሰማለን። ዳሩ ግን ይህ ድምፅ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ ጠይቀናልን? የሙዚቃ ለውጥ የፋሽን ጉዳይ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ኑሮ የወለደው ነው እንላለን።

ቀድሞ ታላላቆቹ የሙዚቃ ጓዶች የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ነበሩ፤ መሣሪያውም የመንግሥት ነበር። ዋልያስ ግን በ1960ዎቹ ዓ.ም. በገዛ መሣሪያው በሂልተን ሆቴል ይጫወት ጀመር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ሲታወጅ እንግዶች እዚያው ያድሩ ስለ ነበር፣ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል። ኦርጋኑ፣ ጊታሩና የትንፋሽ መሣሪያው እየተቀባበሉ ሌሊቱን ይገፉታል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የዚህ የኅብረት ድምፅ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ከፊሎቹ አባላት ሲመለሱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ካሴት የቀዳው ለብቻው ነበር። በወጣትነቱ የለመደውን አኮርዲዮን አነሣ፤ የከበሮውንም ድርሻ ለኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሰጠ። ድምፁ ብቸኛ የሆነው ለብቻው ስለ ቀዳው ነው።

ኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ያንን ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም አሳትሞ ለዓለም ያሰማው የውጭ አገር አሳታሚ ነው።

ወገኖች ሆይ! በወላጆቻችን ሣጥን ውስጥ ስንት ካሴት አቧራ ለብሶ ይገኝ ይሆን? ክሩ ሳይበጠስ እንሰብስብ፤ የራሳችንን ድምፅ ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ አንጠብቅ።