ደሞዙ ከላፕቶፑ ጋር ይሄዳል፤ ቤተሰቡስ?

«እናንተ ሰዎች፣ እዚያ ብርድ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ? ዳላስ ኑ እንጂ! እዚህ እኮ የስቴት ታክስ የለም፣ ቤቱም ሰፊ ነው!»

እንዲህ ያለ ስልክ ያልተደወለለት የዴንቨርና የአውሮራ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ድሮ መልሱ ቀላል ነበር፦ «ሥራችን እዚህ ነው» ይባልና ወሬው ያበቃል። ከ2020ው ኮቪድ ወዲህ ግን በኮምፒውተር ሙያ፣ በሂሳብ ሥራ፣ በስልክ አስተርጓሚነት ከቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ሥራው ላፕቶፑ ውስጥ ከሆነ ደግሞ «ታዲያ ለምን ርካሽ ከተማ አንሄድም?» የሚለው ጥያቄ እራት ላይ መነሣቱ አይቀርም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የምንሳሳተው የአንድ ሰው ደሞዝ ብቻ ይዘን ስናሰላ ነው።

እስቲ እናስላው

እንበልና ሚስት ከቤት ሆና በዓመት 60,000 ዶላር ታገኛለች። ባል ዴንቨር ኤርፖርት ውስጥ በሰዓት ተከፋይ ነው። ኤርፖርቱ በዴንቨር ከተማ ክልል ውስጥ ስለሆነ የሚሠራበት የዴንቨር ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ነው፤ በ2025 ይህ 18.81 ዶላር ነበር። አውሮራ የምትከተለው የስቴቱን ሲሆን፣ እሱ በዚያው ዓመት 14.81 ዶላር ነበር። ባል ሙሉ ሰዓት ከሠራ በዓመት 39,000 ዶላር ገደማ ያገኛል። የሁለቱ ድምር 99,000 ይሆናል።

የኮሎራዶ የገቢ ታክስ በ2025 4.4 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት ለባልና ሚስት የተፈቀደው ስታንዳርድ ዲዳክሽን 31,500 ዶላር ሲነሣ፣ እነዚህ ሰዎች ለስቴቱ የሚከፍሉት በዓመት 3,000 ዶላር ገደማ ነው። ቴክሳስ ቢገቡ ይህ ገንዘብ ኪሳቸው ይቀራል። እስከዚህ ድረስ የዳላሱ ወዳጃችን ልክ ነው።

ነገር ግን የባል ደሞዝ አብሮ አይሄድም። ቴክሳስ የሚሠራው በፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ፣ በ7.25 ዶላር ነው። እርግጥ ብዙ ቀጣሪዎች ከዚያ በላይ ይከፍላሉ። 14 ዶላር አገኘ ብንል እንኳ ገቢው በዓመት 10,000 ዶላር ያህል ይቀንሳል። ገቢ ሲቀንስ የፌዴራሉም ታክስ ስለሚቀንስ፣ ከስቴት ታክሱ ትርፍ ጋር ስናቻችለው የቤቱ ጉድለት ወደ 5,000 ዶላር ነው። ስለዚህ ዳላስ የሚያዋጣቸው ሬንቱ በወር ከ400 ዶላር በላይ ከቀነሰ ብቻ ነው። ቤት እንግዛ ካሉም፣ የቴክሳስ የቤት ግብር ከኮሎራዶው ከእጥፍ በላይ እንደሆነ ይወቁ።

ላስ ቬጋስም የስቴት የገቢ ታክስ የለም፤ የኔቫዳ ዝቅተኛ ክፍያ ግን 12 ዶላር ነው። ሲያትል ደሞዝ ላይ የስቴት ታክስ የለም፣ የሰዓት ክፍያውም ከዴንቨር ይበልጣል፤ ቤቱ ግን ከእኛም የባሰ ውድ ነው።

ሁለቱም ሰዎች ከቤት የሚሠሩ ከሆነ ሂሳቡ ሌላ ነው፤ መሄዱ ሊያዋጣ ይችላል። ለዚህ ነው የሰው ምክር ሰምቶ ከመነሣት የራስን ቁጥር መጻፍ የሚሻለው።

በቼክ ላይ የማይታይ ገንዘብ

ኮሎራዶ ውስጥ በፕሮግራሙ የገቡ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2023 ጀምሮ ለሁሉም ልጆች ቁርስና ምሳ በነፃ ያበላሉ። ኪንደርጋርተን ሊገባ አንድ ዓመት የቀረው ልጅ በሳምንት እስከ 15 ሰዓት ነፃ ቅድመ ትምህርት አለው። ዕድሜያቸው 19 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በአርቲዲ አውቶቡስና ባቡር አይከፍሉም። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ልጅ ለወለደ ወይም ቤተሰቡ ለታመመበት ሠራተኛ እስከ 12 ሳምንት ከፊል ደሞዝ የሚያስገኝ የስቴት ሕግ አለ። ቴክሳስ እንዲህ ያለ የስቴት ሕግ የላትም። ሦስት ልጆች ላሉት ቤት የምሳው ብቻ ቀላል አይደለም።

እቁቡስ? ሀቫና መንገድ ላይ ወርዶ እንጀራና በርበሬ መግዛቱስ? ልጅ ድንገት ሲታመም «እኔ አመጣዋለሁ» የምትል ጎረቤትስ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ! ቀኑን ሙሉ ብቻውን ከስክሪን ጋር ለሚውል ሰው ደግሞ ሰው ማጣት ከሬንት በላይ ይከብዳል።

አዲስ አበባስ?

«ስድስት ወር አገር ቤት ሆኜ ብሠራስ?» የሚሉም አሉ። በሐምሌ 2024 (በፈረንጆቹ) የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር ለሚከፈለው ጥሩ ይመስላል። ዋጋውም ግን አብሮ ወጥቷል፤ አንዳንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ክፍያቸውን የሚተምኑት በዶላር ነው። የአሜሪካ ዜጋ የትም ቢኖር ለአሜሪካ ታክስ ማሳወቁ አይቀርለትም።

ከሁሉ የሚከብደው ሰዓቱ ነው። የዴንቨር የሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት፣ በበጋ አዲስ አበባ ላይ ከአመሻሹ 11 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። በክረምት ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ እናት ወይም አባት ወደ ሥራ መግባታቸው ነው። አያት አጠገብ መሆንና አማርኛ መልመድ ግን በገንዘብ አይተመንም። የሚሄድ ሰው ይህን ብሎ ይሂድ፤ ርካሽ ነው ብሎ ግን አይሂድ።

ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት

አንደኛ፣ ቀጣሪያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፦ «ከተማ ብቀይር ደሞዜ ይነካል? ከአሜሪካ ውጪ መሥራትስ ይፈቀዳል?» ፌስቡክ በ2020 ደሞዝን እንደ መኖሪያ ቦታ እንደሚያስተካክል በይፋ አስታውቆ ነበር፤ ሌሎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሁለተኛ፣ የሁለታችሁንም ገቢ፣ ሬንቱን፣ ኢንሹራንሱንና ዴይኬሩን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉ። ሦስተኛ፣ ለሁለት ሳምንት ሄዳችሁ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ነዋሪ ኑሩበት፤ አስቤዛ ግዙ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት መንዳቱን ሞክሩ።

ልጆችንም አስቀምጡና አስሉ። እነሱ ደግሞ ወላጅ የሚረሳውን ያስታውሳሉ፦ የእግር ኳስ ቡድናቸውን፣ አስተማሪያቸውን፣ ታችኛው ቤት ያለውን ጓደኛቸውን። ያም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።